ሞሮዊንድ ላይ መንገድ ለጠፋብህ

ሞሮዊንድ የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ከጀመርክ ሦስት ቀንህ እንደሆነ፣ ጩቤህ አልመታ እንዳለህ፣ የት እንደምትሄድ የሚያሳይ ቀስት እንደሌለ ጽፈህ «ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ብለሃል። ቀጥል ወንድሜ። እኔ ሁለቴ ትቼው ተመልሼበታለሁ፤ አሁን ከሁሉም ጌም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

መጀመሪያ የጩቤውን ነገር እንጨርሰው። ጌሙ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ስለቱ ጠላትህን ሲነካው በዓይንህ ብታይም፣ ከውስጥ ዕጣ ይጣላል። ዕጣውን በዋናነት የሚወስነው በያዝከው መሣሪያ ያለህ ችሎታና አረንጓዴዋ የድካም መስመር ናት። እየሮጥክ ደርሰህ ወዲያው ከተማታህ መስመሯ ባዶ ናት፤ አየር ነው የምትመታው። ጠላት ከማግኘትህ በፊት ቆም ብለህ ትንፋሽ ሰብስብ። ደግሞ ገጸ ባሕሪህን ስትሠራ ረጅም ሰይፍ መርጠህ፣ ጌሙ ሲጀመር በምታልፍበት ቆጠራ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ባገኘሃት ጩቤ የምትዋጋ ከሆነ መሳትህ አይቀርም። የመረጥከውን መሣሪያ ግዛ።

አሁን ወደ መንገዱ። እዚህ ጌም ውስጥ አቅጣጫ የሚነገረው እኛ ሰፈር እንደሚነገረው ነው። የቤት ቁጥር የለም። «ድልድዩን ተሻገር፣ ካምፑን እለፍ፣ ከዚያ ታጠፍ» ይሉሃል። ስለዚህ የሚነግሩህን እስከ መጨረሻው አንብብ።

እኔ ይህ የገባኝ አርክንግታንድ የሚባለው፣ ድዌመሮች የተባሉት የጠፉ ጥንታዊ ሕዝቦች የሠሩት ፍርስራሽ ላይ ነው። ባልሞራ ከተማ ያለው ሃስፋት የሚባል ሰው አንድ ትንሽ ሣጥን አምጣልኝ ብሎ ይልክሃል። ከተማዋን በደቡብ ወጣሁ፣ የሙንሞዝን ምሽግ አለፍኩ፣ አመዳማውን ሸለቆ በአሮጌው ድልድይ ተሻገርኩ። ፍርስራሹ ፊቴ ነው፣ በሩ ግን አይከፈትም። ያን ምሽት ሙሉ ድንጋዩን ስዞር አመሸሁ። ጌሙ ተበላሽቷል ብዬ አጠፋሁት። በማግስቱ የሰውየውን ንግግር ደግሜ ሳነብ መልሱ ለካ እዚያው ተጽፏል፦ በሩ የሚከፈተው ውጭ ቧንቧው ላይ ያለውን እጀታ ስታዞር ነው። አዞርኩት፤ ድንጋዩ እየተንቀሳቀሰ ተከፈተልኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀስት ቢመራኝ ኖሮ ያንን ደስታ አላገኘውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብተርና እስክሪብቶ አጠገቤ አስቀምጣለሁ። የጌሙ ጆርናል የጻፈልህን በቀን ቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጠው ነገሩ ሲበዛ ይደባለቃል። ትሪቢውናል የተባለው ተጨማሪ ከተጫነልህ በተልዕኮ ለይቶ ያሳይሃል፤ ካልጫንከው ጫነው።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ጌሙ ከሚጀምርባት መንደር፣ ከሴይዳ ኒን፣ ቶሎ አትውጣ። መንደሯ ትንሽ ናት ግን ሞልታለች። ፋርጎዝ የሚባለው የመንደሩ ሰው የጠፋበት ቀለበት አለ። ከመንደሩ ወጣ ስትል ደግሞ የቀረጥ ሰብሳቢው ሬሳ ወድቆ ታገኛለህ፤ ላዩ ላይ 200 ወርቅ አለ። ማን ገደለው? መንደሩን እየዞርክ ጠይቅ። ማንም ሳያዝህ የተገኘ የመጀመሪያ ምርመራህ እሱ ነው።

ወደ ባልሞራ ስልት ስትራይደር በሚባለው ሰው በሚያጓጉዝ ግዙፍ ነፍሳት ጀርባ መሄድ ትችላለህ፣ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ በእግርህ ሂድ። መንገድ ላይ አንድ ጠንቋይ እየጮኸ ከሰማይ ይወድቃል። ይዟቸው የነበሩትን ሦስት የአስማት ጥቅልሎች ውሰድ፤ አንዱን ከማንበብህ በፊት ግን ሴቭ አድርግ። ያስፈነጥርሃል፣ መሬት ከመድረስህ በፊት ግን ኃይሉ ያልቃል።

ባልሞራ ስትደርስ ሳውዝ ዎል የሚባለው መጠጥ ቤት ገብተህ ካየስ የት እንደሚገኝ ጠይቅ፤ ዋናው ታሪክ የሚልክህ ወደ እሱ ነው። ስታገኘው እሱ ራሱ 200 ወርቅ ሰጥቶ ማኅበር ግባ፣ ልምድ አግኝ ይልሃል። ስማው። ዋናው ታሪክ የትም አይሄድም።

የትኛውን ዘርና የትኛውን መሣሪያ እንደመረጥክ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የትኛው ማኅበር እንደሚሻልህ እነግርሃለሁ።