ዲስኩን ንቀሉ! የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

አበሽር ወገን! ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ዛሬ የምመልሰው በቤት ኮምፒውተር ላይ ያለ የግል ፋይል ከቫይረስና ከሌባ እንዴት እንደሚጠበቅ ብቻ ነው። የፕሪንተር ጥያቄ አልቀበልም።

ከሆጤ፦ ፋይሌን እንዴት ልጠብቅ?

መልስ፦ የቱን ፋይል? ከማን? ከልጅህ ነው ከቫይረስ? አብራራና ተመለስ።

ከቧንቧ ውሃ፦ የቤቴን ካርታና የልጆቼን የልደት ሰርተፍኬት ስካን አስደርጌ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጫለሁ። ኢንተርኔት አላስገባሁም። እንግዲህ ስጋት የለብኝም አይደል?

መልስ፦ አለብዎት ጋሼ። ስካን ያስደረጉት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ወደ ቤት ያመጡትስ በምን? በፍላሽ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካ ያስቡት። ፍላሹን ሲከፍቱ ፎልደሩ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ካዩ አይንኩት። ፎልደር መስሎ የተቀመጠ፣ ሲጫኑት ቫይረሱን የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ዋናው ፎልደር ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ደንግጠው ፎርማት እንዳያደርጉት።

ከሸዋ በር፦ የትኛው አንቲ ቫይረስ ይሻላል?

መልስ፦ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃሃል። ብቻ አታጥፋው።

ከኮምቦልቻ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤት የምሠራበት የደመወዝ ፋይል ሁሉ ስሙ ተቀይሮ አልከፈት አለ። ብር ካልከፈልሽ አይከፈትም የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት አንድ የሚከፈልበት ሶፍትዌር በነጻ ከሚከፍተው ክራኩ ጋር አውርጄ ነበር። ስጭነው አንቲ ቫይረሱን አጥፊ ሲለኝ አጠፋሁት።

መልስ፦ የኔ እህት፣ ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቅ ቫይረስ። መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፊ። ብር አትላኪ፤ ከፍለሽም ቁልፉን ላይሰጡሽ ይችላሉ። የተቆለፉትን ፋይሎች አትሰርዣቸው። የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያዎች ጋር በሐምሌ 2008 የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ድረ ገጽ አለ። ለአንዳንዱ ዓይነት መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። ለሁሉም አይደለም። ያንቺው መክፈቻ ዛሬ ባይኖር ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

ክራክ ግን ስንቴ ልናገር? «ዘበኛህን አባርና ልግባ» የሚል እንግዳ ታስገባላችሁ? አፕዴትም እንደዚሁ ነው። ዳታ ይበላል ብላችሁ ታጠፉታላችሁ። ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2009 ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አፕዴት ያላደረገው ተበላ።

ይሄ ሁሉ ሆኖም አንድ ቀን ሊገባባችሁ ይችላል። ያን ቀን የሚያድናችሁ ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ነው። ኤክስተርናል ዲስክ ግዙ፣ ገልብጡ፣ ንቀሉ። ንቀሉ ነው ያልኩት! እኔው ራሴ ከዓመታት በፊት የባክአፕ ዲስኬን እንደሰካሁ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ላፕቶፑም ዲስኩም አብረው ተቆልፈዋል። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለቱም ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ታነሳብኛለች።

ከአራዳ፦ በዚህ ዘመን ደግሞ ዲስክ! ኢንተርኔት ላይ፣ ጉግል ድራይቭ ውስጥ መጫን ነው እንጂ።

ከሰኞ ገበያ፦ የቤቴን ካርታ ለፈረንጅ አደራ ልስጥ? ወላሂ አላደርገውም።

ከአራዳ፦ የልጅህን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፍ ባለቤቱ የቦሩ ሜዳ ሰው መስሎህ ነው?

ከሰኞ ገበያ፦ ቤት በፎቶ አይሸጥም ወንድሜ።

ከፒያሳ፦ ሁለታችሁም በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫኑና ተገላገሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እንደሆነ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

መልስ፦ ሊኑክሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ድራይቭ መጥፎ አይደለም። ግን ከኮምፒውተሩ ጋር በራሱ ሲንክ የሚያደርግ፣ ማለትም እዚያ የተለወጠውን ሁሉ ወዲያው የሚገለብጥ ከሆነ የተቆለፈውንም ፋይል ይዞት ይወጣል። የቀድሞውን ቅጂ ለ30 ቀን ያቆያል፤ ቶሎ ከነቃችሁ ትመልሱታላችሁ። ካርታን የሚያህል ነገር ግን ከመጫናችሁ በፊት 7-ዚፕ በሚባለው ፋይል ጠቅልሎ በሚቆልፍ ፕሮግራም ፓስወርድ አድርጉበት። ፓስወርዱን ከረሳችሁ እኔ ጋ አትምጡ። እኔም አልከፍተውም።

ከሆጤ፦ ተመለስኩ። ፋይሉን ከልጄ ነው የምጠብቀው። ፎልደሩን ብደብቀውስ?

መልስ፦ ልጅህ በአምስት ደቂቃ ያወጣዋል። 7-ዚፑን አሁን ተናገርኩ።

ከኩታበር፦ የስልኬ ቴሌግራም ተጠለፈ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስልክ አልሠራም።

ከገራዶ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የትኛው አንቲ ቫይረስ ይሻላል?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ነኝ፣ የደመወዟ። አልሐምዱሊላህ! መሳቢያ ውስጥ አሮጌ ፍላሽ አገኘሁ። ያለፈው ወር ፋይል ያለበት ይመስለኛል። አሁን ልሰካው ነው።

መልስ፦ ኧረ ቆይ! እዚያ ላፕቶፕ ላይ እንዳትሰኪው! እንደያዝሽው ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ሰኞ ሐረጎን ወጥተሽ ፒያሳ ይዘሽልኝ ነይ። ላፕቶፑንም አምጪው፣ ግን ጠፍቶ።