መልስ፦ ሰብጀክቱን (የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ባለቤት) ለማግኘት ከግሡ ይነሱ

ልጅዎ «ዘ ቦይስ ኢን ዘ ቢግ ክላስ አር ሲንጊንግ» (በትልቁ ክፍል ያሉት ልጆች እየዘመሩ ነው) በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰብጀክቱ «ክላስ» ነው ያለው ለግሡ የቀረበውን ስም ስለመረጠ ነው። ስም ፍለጋውን ይተውና መጀመሪያ ግሡን ያግኝ።

1. ግሡን ከነረዳት ግሡ ያስምርበት፦ «አር ሲንጊንግ»።

2. «የሚዘምረው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ክፍል አይዘምርም፤ የሚዘምሩት ልጆቹ ናቸው። ማረጋገጫውም እዚያው አለ፦ ሰብጀክቱ «ክላስ» ቢሆን ኖሮ ነጠላ ስለሆነ ግሡ «ኢዝ ሲንጊንግ» ይሆን ነበር።

3. ከ«አር» በፊት ቀጥ ያለ መስመር ያስምር። በስተግራ ያለው በሙሉ ሰብጀክት ነው፤ «ቦይስ» ዋናው ቃል፣ «ኢን ዘ ቢግ ክላስ» ደግሞ የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ የሚገልጽ ነው። በስተቀኝ ያለው ፕሬዲኬት ነው፤ ማለትም ስለ ሰብጀክቱ የሚናገረው ክፍል።

«አር» ብቻውን ከተሰመረበት ችግር የለውም፤ «ሲንጊንግ»ን እንዲጨምር ብቻ ይንገሩት።

ከማስተማር ልምዴ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ፦ «የመጀመሪያው ስም ሰብጀክት ነው» ብለው በፍጹም እንዳያስተምሩት። ለጊዜው ያቀለዋል፤ በኋላ ግን ከልጁ አእምሮ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል። «ኢን ዘ ሞርኒንግ ዊ ድሪንክ ሚልክ» (ጠዋት ወተት እንጠጣለን) ሲመጣ «ሞርኒንግ»ን ያከብባል፤ ወተት የሚጠጣው ግን «ዊ» ነው። ጥያቄ ሲሆን፣ ለምሳሌ «አር ዘ ቦይስ ሲንጊንግ?» ሲባል፣ መስመሩን ከማስመሩ በፊት ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመልሰው። «ኦፕን ዘ ዶር» (በሩን ክፈት) በሚለው ትእዛዝ ደግሞ ሰብጀክቱ ያልተጻፈው «ዩ» (አንተ) ነው፤ ይህን ግን ሌላው ሁሉ ከገባው በኋላ ያሳዩት።