መልስ፦ እናቴ ያልፈቀዱትን ሥራ ብቀበል ኃጢአት ነው?

ወንድሜ፣ 26 ዓመት ሞልቶህ፣ ሀዋሳ ሥራ አግኝተህ፣ እናትህ «አትሄድም» ስላሉህ ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ ብለሃል። በእኔ እምነት አይሆንም። አካሄድህ ግን ኃጢአት ሊሆን ይችላል።

ጌታን ተመልከት። በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ ሲፈልጉት ካገኙት በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዝላቸው ነበር (ሉቃ. 2፥51)። አድጎ ሲያስተምር ግን እናቱ ውጭ ቆማ ስታስጠራው ትምህርቱን አላቋረጠም (ማር. 3)። በመስቀል ላይ ሆኖ ደግሞ ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት። ትልቅ ሰው ሆኖ እናትን ማክበር ይህን ይመስላል።

ፈሪሳውያንን የገሠጻቸውም በዚሁ ነው። ለወላጅ የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብሎ መከልከልን ፈቅደው ነበር (ማር. 7፥11)። ስለዚህ ደመወዝ ሲገባልህ መጀመሪያ እናትህን አስብ።

ኤፌሶን 6 ወላጆችንም «ልጆቻችሁን አታስቆጡ» ይላል፤ ይህን ጥቅስ ግን አንተ አትጥቀስባቸው! (እኛ ቤት ቢሆን አለቀልህ።) ትኬት ሳትቆርጥ ቁጭ ብለህ የሚያስፈራቸውን ጠይቃቸው። ካልሆነ የንስሐ አባታችሁን ይዘህ ግባ።