ፎልፎክስ ወይስ ፎልፊሪ? መጀመሪያ ሥራውን ጠይቁት

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በመድኃኒት ሥራ ነው ያረጀሁት። አዲስ ፋርማሲስት በመጣ ቁጥር «ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ፎልፎክስ ይሻላል ወይስ ፎልፊሪ?» ይለኛል።

ሁለቱም በአንድ ላይ የሚሰጡ የካንሰር መድኃኒቶች ስብስብ ናቸው፤ ሁለቱም ፍሎሮዩራሲልና ሉኮቮሪን አላቸው። የሚለያቸው ሦስተኛው ነው፤ በፎልፎክስ ኦክሳሊፕላቲን፣ በፎልፊሪ አይሪኖቴካን። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የፈረንሳዮች ጥናት 220 ሕሙማንን በሁለት ከፈለ። ገሚሱ በፎልፊሪ ጀመረ፣ ገሚሱ በፎልፎክስ። በሽታው ሲገፋ መድኃኒቱን ተቀያየሩ። በፎልፊሪ ከጀመሩት ግማሾቹ ከ21.5 ወር በላይ ኖሩ፤ በፎልፎክስ ከጀመሩት ደግሞ ከ20.6 ወር በላይ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

እኔም «እንግዲያው የተገኘውን መስጠት ነው» እል ነበር።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ፎልፎክስ ታዘዘለት። ስለ ማቅለሽለሹ፣ ስለ ትኩሳቱ በደንብ ነገርኩት። ሥራህ ምንድን ነው አላልኩትም። በሦስተኛው የሕክምና ዙር ሲመጣ «ዶክተር፣ ጣና ነከሰኝ» አለኝ። (እዚህ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መረብ ሲጎትት ውኃው እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ኦክሳሊፕላቲን የወሰደ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቱ እንደሚነዝረው በቃሌ አውቀዋለሁ። ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ንዝረቱ በጥቂት ቀን ይተዋል። መደንዘዙ ግን ዙር በጨመረ ቁጥር ይጠራቀማል፤ ኋላ ላይ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው።

ፎልፊሪ ቢሆንለትስ? እሱም ጣጣ አለው። አይሪኖቴካን ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። ደቅ ደሴት ላይ እኩለ ሌሊት ቢጀምረው ጀልባ ከየት ይመጣል? የተቅማጥ ማስቆሚያውን ሎፔራማይድ በኪሱ ሳይዝ፣ መቼ መዋጥ እንደሚጀምር ሳያውቅ አትላኩት።

«ለ46 ሰዓት ከሚንጠባጠበው ፍሎሮዩራሲል ካፔሲታቢን ኪኒን አይሻልም?» ትሉኛላችሁ። ለመንገደኛ ይመቻል፤ ቤቱ ሆኖ ይውጠዋል። ግን መዳፍና የውስጥ እግር ይልጣል። ገመድ ለሚጎትት ሰው ይህም ቀላል አይደለም።

የዚያ ሰው ሐኪም ኦክሳሊፕላቲኑን አስቆመለት፤ ፍሎሮዩራሲሉ ቀጠለ። መረቡን ልጁ ተረከበ።

የምንሞላው ቅጽ «ሥራ» የሚል ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፦ «መረብ ጎታች»፣ «እንጀራ ጋጋሪ»፣ «ልብስ ሰፊ»።