በረት የሌለው እረኛ፦ ስለ ቦርደር ኮሊና ዘመዶቹ ጥያቄና መልስ

የዛሬው መልስ ሰጪ አባላችን «ጋሽ እረኛ» ናቸው። መንዝ ውስጥ በግ ሲጠብቁ አድገው፣ ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ የበግ እርባታ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። አሁን ዴንቨር አጠገብ ከሁለት ቦርደር ኮሊዎች፣ ማለትም በግ ነጂ ከሆነው የውሻ ዘር፣ ጋር ይኖራሉ።

ጋሽ እረኛ፦ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። የውሻውን ዕድሜ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና ቀኑን እንዴት እንደሚውል ጻፉልኝ። «ውሻዬ ያስቸግራል» የሚለው እሮሮ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኳስ መወርወሪያዋን ዱላ ከቤት አውጡ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

የኦሮራ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዘጠኝ ወር የሆነው ወንድ ቦርደር ኮሊ አለን። የአምስት ዓመት ልጄ በሮጠ ቁጥር ተረከዙን ይነክሰዋል። ደም ባይወጣም ሱሪውን ቀዶታል። ባለቤቴ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ያስሮጠዋል፤ ጭራሽ ባሰበት። ክፉ ውሻ ገጥሞን ይሆን?

ጋሽ እረኛ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ክፉ አይደለም እህቴ፣ ሥራ ላይ ነው። ተኩላ ሲያድን ይፈልጋል፣ ያፈጣል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር እረኞች ወላጆቹን እየመረጡ ሲያራቡ መጨረሻ ላይ ያሉትን አለዘቡ፣ ፊተኞቹን አጠነከሩ። ስለዚህ ልጅሽ እየጮኸ ሲሮጥ ለውሻው ከመንጋው ያፈነገጠ ጠቦት ነው። ተረከዝ መንከስ ደግሞ እምቢተኛ በግ የሚመለስበት መንገድ ነው።

ለጊዜው ውሻው ትልቅ ሰው ባለበት ሁሉ ሁለት ሜትር ገመድ እየጎተተ ይዋል። ልጁ መሮጥ ሲጀምር ገመዱን ርገጪና «ተኛ» በይው፤ ሲተኛ ትንሽ ጉርሻ ስጪው። ልጁንም አሠልጥኚው፦ ውሻው ሲመጣበት እጁን አጣጥፎ «ዛፍ ነኝ» ብሎ ይቁም። የማይሮጥ በግ ለእረኛ ምንም ደስታ የለውም። ሁለቱን ለብቻቸው አትተያቸው። ይህን ዛሬ ስንት ጊዜ እንደምደግመው እናያለን።

ስለ ሩጫው፦ ባለቤትሽ ለማራቶን እያዘጋጀው ነው። በየሳምንቱ ሳንባው ይሰፋል፣ ጭንቅላቱ ግን ማረፍ አይማርም። አዋቂ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል፣ ቡችላ ከዚያም ይበልጣል። የእናንተው እንቅልፍ እንዳጣ ሕፃን ነው፤ ሲደክመው ይነጫነጫል፣ ስትነጫነጩበት ይብሳል። የማታውን ሩጫ አስቀሩትና በረጅም ገመድ እያሸተተ ሃያ ደቂቃ ይንሸራሸር። ከእራቱ ግማሹን ሣር ውስጥ በትኑለትና ይልቀም። ከዚያ የሚተኛበት ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ሳጥኑ ጨርቅ ይልበስ፣ ቤቱ ጸጥ ይበል። መጀመሪያ ያለቅሳል። ቤት ውስጥ መቀመጥን እንደ ሥራ ካላስተማራችሁት ራሱ ሥራ ይፈጥራል፤ እሱ የሚፈጥረውን ሥራ ደግሞ አትወዱትም።

የቡችላ አባት፦ ምን ዓይነት ምግብ ይሻላል?

ጋሽ እረኛ፦ ሐኪምህን ጠይቅ። እኔ የማውቀው የማይሰጠውን ነው፦ ወጥ አይቅመስ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። የዶሮ ወጥ አጥንትም አይሰጥም፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በፋሲካ ማግስት ሐኪም ቤት የምንሰለፈው ለዚህ ነው።

ዮኒ፦ የእኔ ውሻ በጣም ያስቸግራል፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ እረኛ፦ መግቢያውን አንብብ።

ሰላም ከለንደን፦ ሴቷ ውሻችን ልጄን አጎንብሳ፣ ሳትርገበገብ ታፈጥበታለች። ልትበላው ነው ብለን ፈራን።

ጋሽ እረኛ፦ ይህችን እወዳታለሁ። «ዓይን» ይሉታል እረኞቹ። እ.ኤ.አ. በ1893 ሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ አዳም ቴልፈር የሚባል ሰው ካራባቸው ውሾች «ሄምፕ» የተባለ ወጣ። እስከዚያ ዘመን ብዙዎቹ የበግ ውሾች በጩኸትና በንክሻ የሚሠሩ ነበሩ። ሄምፕ ዝም ብሎ ያይ ነበር፣ በጎቹም ይታዘዙ ነበር። በ1901 ሞተ፤ ከሱ የተወለዱት ግን 200 ገደማ ይሆናሉ። የዛሬ ቦርደር ኮሊ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር እሱ ጋ ይደርሳል።

እኔ መንዝ ላይ ወንጭፍ ይዤ፣ ድምፄ እስኪዘጋ እየጮኽሁ በግ የመለስሁ ሰው ነኝ። ኮሎራዶ መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን አንዲት ውሻ ከሣሩ ጋር ተጣብቃ፣ አንድ እግሯን አየር ላይ አንጠልጥላ ሦስት መቶ በግ በዝምታ በር ውስጥ ስታስገባ አየሁ። ልጅነቴ በከንቱ የባከነ መሰለኝ። ማየት የሚፈልግ እዚሁ ኮሎራዶ ሜከር ወደምትባለው ከተማ ይሂድ፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ የእረኛ ውሾች ውድድር ይካሄዳል።

ወደ ጥያቄሽ፦ ማፍጠጧ የመብላት ሐሳብ አይደለም፣ ግን አትተያት። ማፍጠጡ ማድባትን፣ ማድባቱ ማባረርን ይወልዳል። ገና ስታፈጥ ስሟን ጠርተሽ ወደ አንቺ አምጪያት። ብቻቸውን አትተያቸው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን የፈረንጅ ውሻ ብቻ ነው እረኛ? የእኛ አገር ውሻ ከበጉ ጋር ወጥቶ ከበጉ ጋር አይገባም እንዴ?

ጋሽ እረኛ፦ ይወጣል፣ ይገባልም፣ ግን በግ አይነዳም። የእኛ ውሻ ዘብ ነው። ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ይጮኻል፣ ይጋፈጣል፤ በጉን የሚነዳው ልጁ ነው። ሁለቱ ሙያዎች ተቃራኒ ናቸው። ዘቡ በጎቹን ቤተሰቡ አድርጎ አጠገባቸው ይተኛል፣ ነጂው ግን አንድም ደቂቃ አይተኛላቸውም። ያባረረ ዘብ ይባረራል። እንዲያውም ቤተሰብ ጸጥ ያለ ውሻ ከፈለገ የእኛው ይሻለዋል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ የአያቴ ውሻ ግን ይነዳ ነበር።

ጋሽ እረኛ፦ የሁሉም ሰው አያት ውሻ ይነዳ ነበር።

የቦሌ ሰው፦ አዲስ አበባ ነኝ። አንድ ጓደኛዬ ቦርደር ኮሊ ሊሸጥልኝ ነው። ቀን ታስሮ ሌሊት ግቢ ይጠብቃል ብዬ አስቤ ነበር። ለቅማልና ለመዥገር ደግሞ የበጉን አይቨርሜክቲን መርፌ ይወጉታል አሉኝ።

ጋሽ እረኛ፦ አይግዙ። ቀን ታስሮ የሚውል ቦርደር ኮሊ ሰንሰለቱን ዙሪያ ሲዞር መሬቱን ይቦረቡራል፣ ጭራውን ይበላል። መርፌውን ደግሞ እንዳያስነኩት! ኮሊዎችን ይገድላል።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝና ላስተካክል። ጉዳዩ ኤምዲአር1 የተባለው ዘረመል ነው። ለውጡ ያለበት ውሻ መድኃኒቱ ወደ አንጎል ሲገባ መከላከል አይችልም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ራሱን ይስታል። ረጅም ጠጉር ባላቸው ኮሊዎች 70 በመቶ ገደማ፣ በአውስትራሊያን ሼፐርድ ግማሽ ያህሉ ይገኛል። በቦርደር ኮሊ ግን ጥቂት ነው። በየወሩ ለልብ ትል የሚሰጠው የአይቨርሜክቲን ክኒን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ችግር የለውም። ከጉንጭ በሚወሰድ ናሙና ይመረመራል።

ጋሽ እረኛ፦ ተቀብያለሁ። ጥቂት ማለት ግን ዜሮ ማለት አይደለም፤ አዲስ አበባ «ኮሊ» ተብሎ የሚሸጠው ከምን እንደተዳቀለ ማን ያውቃል? መርፌው የበግ ነው፣ መጠኑም የበግ ነው። እርባታ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ውሻው በቅርቡ በዚህ መድኃኒት የታከመ እንስሳ እበት እንዳይበላ ጠብቁት።

ሐኪሟ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ሙሉ ከቨርጂኒያ፦ አማቴ ከአገር ቤት መጥተው ውሻ ያለበት ቤት ጸሎት አላደርስም አሉ። ምን ትላላችሁ?

የጎንደር ልጅ፦ እውነታቸውን ነው፤ ውሻ ቦታው ደጅ ነው።

ሰላም ከለንደን፦ በበረዶ ደጅ? እርስዎ ይደሩበት።

የጎንደር ልጅ፦ በረዶ ካለ ውሻ አይገዛማ።

የኦሮራ እናት፦ የእኔም እናት እንዲሁ ብለው ነበር፤ አሁን ቡና ሲፈላ እሳቸው ናቸው ቆሎ የሚያጎርሱት።

ጋሽ እረኛ፦ የጸሎቱን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ የእኔ ሙያ አይደለም። ውሻውን በሚመለከት፦ ለእናታችን አንድ ክፍል ለዩላቸው፣ በሩ ላይ አጥር አድርጉ። ውሻው እዚያ እንደማይገባ በሳምንት ይማራል። ቆሎው ውስጥ ዘቢብ ካለ ግን እንዳያጎርሱት፣ ወይንና ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው።

ዮኒ፦ በቀን ስንት ሰዓት ላስሩጠው?

ጋሽ እረኛ፦ ዮኒ!

ብሩክ፦ ኳሱ ምን አጠፋ ጋሼ? የእኔው መቶ ጊዜ ብወረውር አይጠግብም፣ ደስ ይለዋል።

ጋሽ እረኛ፦ አይጠግብም ያልኸው ራስህ ነህ። መቶ ጊዜ ተፈትልኮ መቶ ጊዜ ድንገት መቆም ትከሻውንና ጉልበቱን ይጨርሰዋል። በሙቀት ቀን ራሱን ስቶ እስኪወድቅ ይሮጣል፣ በቃኝ የሚል ነገር አልተፈጠረበትም። በግ ሲነዳ እኮ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው፣ የሚተኛው፣ የሚጠብቀው ነው። ኳሱን ደብቅና ይፈልገው፤ አምስት ጊዜ ይበቃዋል።

የቡችላ አባት፦ ብልህ ዘር ነው ይባላል፤ ሥልጠናው ይቀላል ማለት ነው?

ጋሽ እረኛ፦ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ «ቼዘር» የተባለች ቦርደር ኮሊ የ1,022 መጫወቻዎችን ስም ለይታ ታውቅ ነበር። ያስተማራት ጡረታ የወጣ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነው፣ በቀን አራትና አምስት ሰዓት፣ ለሦስት ዓመት። አንተ ጡረታ ወጥተሃል? ብልህ ውሻ የፈለግኸውንም ያልፈለግኸውንም እኩል ይማራል።

ብሩክ፦ እሺ፣ ኳሱ ይቅር። ሶፋ ላይ ተቀምጬ በሌዘር መብራት ባጫውተውስ?

ጋሽ እረኛ፦ አይሆንም። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያዋ ውሻዬ አንድ ዓመት ሲሞላት ቀይ ነጥብ የምትረጭ መብራት ገዛሁላት። ልጆቼ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መብራቷን ብናስቀምጠውም እሷ አልተወችም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ፣ ከባለቤቴ የእጅ ሰዓት ተንጸባርቆ ግድግዳው ላይ የሚወድቀውን ብርሃን ስታባርር ኖራውን ፋቀችው። ነጥብ ተይዞ አያልቅም፣ እግር የለው፣ ጠጉር የለው። ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ መድኃኒት ጀመረች፣ መጋረጃው ተዘጋ። እስከ ዛሬ በዚያ ሰዓት አንከፍተውም።

አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ከብዷል፣ ደረጃ አትወጣም። ግን ምሳ ሰዓት ባለቤቴ ማንኪያ ስታነሣ፣ ከሥጋው በፊት ግድግዳውን ታያለች።