710 ፓውንድ ለአንድ ምሽት፦ ልሂድ ወይስ ትኬቱን ልሽጠው?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ሌሎች ሰዎች ከሚጽፉልዎ ጭንቀት አንጻር የእኔ ጉዳይ ቀልድ ሊመስልብዎ ይችላል። ቤታችን ውስጥ ግን ሰሞኑን ቡና የሚጠጣው በዝምታ ነው።

ማንችስተር የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ14 ዓመቴ፣ ከአባቴ ጋር ነው። የተከራየነው ቤት ሞስ ሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ የያኔው የማንችስተር ሲቲ ስታዲየም ሜይን ሮድ አጠገብ ነበር። በዚያ ዘመን የከተማው ወጣት ከአፉ የማይለየው ኦኤሲስ የሚባለውን የሮክ ባንድ ዘፈን ነው። እኔም እንግሊዝኛ የለመድኩት ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ጆሮ ተካፍለን ከምንሰማው ካሴት ነው። የባንዱ ወንድማማቾች ሊያም እና ኖኤል ጋላገር ከአየርላንድ የመጣች እናት በዚሁ ከተማ ያሳደገቻቸው መሆናቸውን ጓደኛዬ ስትነግረኝ የሥጋ ዘመዶቼ ሆነው አረፉት። በ1996 ሚያዝያ ሜይን ሮድ ላይ ሁለት ምሽት ሲዘፍኑ አባቴን የትኬት ገንዘብ ጠየቅሁት። «ለጩኸት ደግሞ ይከፈላል እንዴ? መስኮቱን ክፈቺና ስሚ!» አለኝ። ከፍቼ ሰማሁ።

ከዚያ ሥራ መጣ፤ ትዳር መጣ፤ ልጆች መጡ። እነሱም እ.ኤ.አ. በ2009 ፓሪስ ውስጥ መድረክ ሊወጡ ሲሉ ተጣልተው ተበተኑ። አምና ነሐሴ እንደገና ሊገናኙ ነው ሲባል ባለቤቴን አማከርኩት። እሱ የጥላሁን ሰው ነው፤ ስለ እነሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ቢሆንም ዋጋውን ጠየቀኝና 150 ፓውንድ ገደማ መሆኑን ስነግረው «በሕይወት አንዴ ነው፤ ለእኔም ግዢልኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። ሽያጩ የተጀመረ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ ወረፋ ያዝን። የማንችስተሩ አለቀ። ተራችን ሲደርስ የተረፈው ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ያውም የቁም ቦታ ነው። ዋጋው 355 ፓውንድ ሆኖ ጠበቀን። ውሳኔ የሚሰጡበት ደቂቃ ደግሞ ዓይንዎ እያየ ይቀንሳል። ተያየን። ባለቤቴ «በቃ ግዢው» አለ። ለሁለት ሰው 710 ፓውንድ ከፈልን። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልዎ ተደብቄ ያደረግሁት ነገር እንዳይመስልዎ ነው።

አሁን ቀኑ ደረሰ፤ ሐምሌ 23 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2025) ነው። ነገር ግን ክረምቱ ከበደና ደሴ ያለው የአማቴ ግቢ የድንጋይ አጥር ተናደ። ባለቤቴ የበኩር ልጅ ስለሆነ ስልኩ የተደወለው ለእሱ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባው ሁለቱን ትኬቶች በ1,300 ፓውንድ እገዛለሁ አለው። አሁን ማታ ማታ ፓውንዱን በብር እየመነዘረ ያሰማኛል። የከፈልነው ብቻ ከ120 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ሰውየው የሚሰጠንማ እጥፉ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። «እናቴ በዚህ ዝናብ ያለ አጥር እያደረች አንቺ ትጨፍሪያለሽ?» ይለኛል። ረቡዕ የጾም ቀን መሆኑንም አስታውሶኛል፤ ስንገዛውም ኮንሰርቱ ረቡዕ እንደሚውል እናውቅ ነበር።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። በቅርቡ እዚሁ ማንችስተር፣ ሂተን ፓርክ ሲዘፍኑ ትኬት ያላገኘ ሰው መድረኩን አሻግሮ ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ተሰብስቦ ነበር። እኔም ከዚያችው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ሄድኩ፤ እሷ ትኬት አልደረሳትም። ስክሪኑ ከሩቅ ይታያል፤ ድምፁ ይደርሳል፤ ኮረብታው በሙሉ አብሮ ይዘፍናል። እንባዬን ጠርጌ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ይኸው በነጻ ሰምተሽው መጣሽ! ታዲያ ለምን ይከፈላል?» አለ። አባቴ ከመቃብር የተናገረ መሰለኝ።

ልሽጠው? ወይስ ብሄድ ራስ ወዳድ ነኝ?

ሁለት ጊዜ ከውጭ የሰማችው፣ ከማንችስተር

መልስ

የተከበሩ እህቴ፣

ይሂዱ። መልሱን ከፊት ያስቀመጥኩት ሐምሌ 23 ስለቀረበ፣ እኔም ወሬ ስለማበዛ ነው። የሚሸጥ ነገርም አለ፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ 355 ፓውንዱ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ደሜን ያፈላው እሱ ነውና። ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 ኔብወርዝ ላይ በሁለት ምሽት ለ250 ሺህ ሰው ሲዘፍን ትኬቱ 22 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ነበር። የኑሮ ውድነቱን ጨምረን ብናሰላው በዛሬ ገንዘብ 60 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ ኮንሰርት የአልበም ማስታወቂያ ነበር፤ ገንዘቡ የሚገኘው ከካሴትና ከሲዲ ነው። ዛሬ ዘፈኑ በስልክ በሳንቲም ስለሚደመጥ ገቢው ወደ መድረኩ ዞሯል። እስከዚህ ድረስ ይገባኛል። የማይገባኝ የአሻሻጡ መንገድ ነው። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን ጉዳዩን መርምሮ ባለፈው መጋቢት ስጋቱን ሲገልጽ እንደተናገረው፣ ለቁም ቦታ ሁለት ዓይነት ዋጋ ተዘጋጅቶ ነበር። ርካሹ ቀድሞ ተሸጦ ሲያልቅ ውዱ ተለቀቀ። ወረፋ ይዞ ለሚጠብቀው ሰው ግን ይህን የነገረው አልነበረም። አንዳንዱ መቀመጫም «ፕላቲነም» የሚል ስም ተለጥፎበት፣ ምንም ሳይጨመርለት፣ ከተራው መቀመጫ ሁለት ተኩል እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ወጥቷል። ወንድማማቾቹ በበኩላቸው የትኬት አሻሻጡን ለአዘጋጆችና ለሥራ አስኪያጆች እንደተዉት፣ ዋጋው እንዲህ እንደሚንር እንዳላወቁ መግለጫ አውጥተዋል። እርስዎ ስለሚወዷቸው ያምኗቸው ይሆናል፤ እኔ ያን ያህል ፍቅር የለኝም።

ስለዚህ እርስዎና ባለቤትዎ በዚያች ቅዳሜ በሰዓት ተጣድፋችሁ የከፈላችሁት ከሚገባው በላይ ነው። ሆኖም ተከፍሏል። አምና የወጣ ገንዘብ ዘንድሮ በብር ተመንዝሮ ሲነገር ብዙ መምሰሉ አይቀርም፤ በተለይ ብሩ እንዲህ በወደቀበት ዓመት። ባለቤትዎ ማስላት ከፈለጉ «ግዢው» ባሉበት ቀን ምንዛሪ ያስሉት።

ወደ 1,300 ፓውንዱ ልምጣ። እርሱት። አዘጋጆቹ ትኬት ከተገዛበት ዋጋ በላይ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ መልሶ መሸጥ የሚቻለውም በተፈቀዱት ሁለት ድረ ገጾች ብቻ ነው። በሌላ መንገድ የተሸጠ ትኬት ሊሰረዝ ይችላል፤ ይህንንም አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። የባለቤትዎ ባልደረባ ዌምብሌይ በር ላይ ደርሶ ቢመለስ በማግስቱ የሚገናኙት በሥራ ቦታ ነው። ያ ባይሆንስ? ወረፋ ይዛችሁ በዋጋ ተታለላችሁ፤ ያንኑ ብልሃት በተራችሁ በሌላ ሰው ላይ ልትሠሩበት ነው ማለት ነው። ለእናት አጥር መሆኑ የትርፉን ዓይነት አይለውጠውም።

አጥሩን ግን አቃልዬ አላየውም። ባለቤትዎን ዛሬ ማታ፣ ረጋ ብለው፣ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ትኬቱ ባይኖር ኖሮ አጥሩ በምን ይሠራ ነበር? መልስ እንደሚኖራቸው እርግጠኛ ነኝ። እህት ወንድም ያዋጣል፤ ዕቁብ ይወጣል፤ ተጨማሪ ሰዓት ይሠራል። በውጭ አገር የሚኖር የበኩር ልጅ የቤተሰብ ችግር ሲደወልለት መጀመሪያ የሚያየው በእጁ ያለውን ነገር ነው፤ በእጁ ያለው ደግሞ የእርስዎ ትኬት ሆነ። ደግሞም በሐምሌ ዝናብ የድንጋይ አጥር አይገነባም። ጭቃው ሳይደርቅ፣ መሬቱ ሳይጠነክር የተካበ ድንጋይ ለከርሞ ሌላ ስልክ ያስደውላል። አሁን የሚያስፈልገው ክፍቱን የሚዘጋ ጥቂት ቆርቆሮና እንጨት ነው፤ ግንበኛው ከመስከረም በኋላ ይመጣል። የቆርቆሮውን ገንዘብ በዚህ ሳምንት ይላኩ። ለግንቡ መዋጮ ለመሰብሰብ ሁለት ወር አላችሁ።

ባለቤትዎ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ከጠዋት ጀምሮ ለማያውቁት ባንድ ወረፋ የያዙ ሰው ናቸው። እናታቸው በዝናብ ውስጥ ሆነው እሳቸው ስታዲየም ሲቆሙ ራሳቸውን ማየት አቅቷቸዋል፤ ያ ሐፍረት ነው ወደ እርስዎ የተገለበጠው። ስለዚህ እንዲሄዱ አይወትውቷቸው። አንድ ጊዜ ብቻ «ቦታህ አለ» ይበሏቸውና እስከ እሑድ ይጠብቁ። እምቢ ካሉ ሁለተኛውን ትኬት ለዚያች ማዳመጫ ለተካፈለችዎ ጓደኛ በገዙበት ዋጋ፣ ሳንቲም ሳይጨምሩ ይስጧት። ሁለቱም ትኬቶች በስልክዎ ስላሉ አብራችሁ ትገባላችሁ። እሷ የምትከፍለው 355 ፓውንድ ወደ ደሴ ይሂድ። የሚሸጥ ነገር አለ ያልኩት ይህን ነው።

ጾሙን በተመለከተ የእኔ አምድ የንስሐ አባት አይደለም። ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያላቸው አጥሩ ከወደቀ በኋላ መሆኑን ግን ልብ ብያለሁ።

አሁን «በነጻ ሰምተሽዋል» ወደሚለው። ይህን ክርክር ሁለት ወንዶች በሠላሳ ዓመት ልዩነት ስላነሱት ጠንከር ያለ መስሎ ይታይ ይሆናል። መስማት ብቻ ቢሆንማ ካሴቱም ነበረ። በዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ሰኔ 27 በተከፈተው የኮንሰርት ጉዞ ሁለቱ ወንድማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ የነበረውን ጩኸት በቪዲዮ አይቻለሁ፤ እኔ ለሮክ ሙዚቃ ባዕድ ነኝ፣ ሆኖም ጸጉሬ ቆመ። አንዱ ዘፈን ሲጀመር ሊያም ሰዉን ጀርባውን ለመድረኩ እንዲሰጥና ጎን ለጎን ተቃቅፎ እንዲዘል ያዝዘዋል፤ የማንችስተር ሲቲ ደጋፊዎች ከፖላንድ ደጋፊዎች የወሰዱት ጭፈራ ነው። ይህን መስኮት ከፍቶ ማድረግ አይቻልም። ደግሞ እርስዎ የዚያ ከተማ ልጅ ነዎት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በማንችስተር አሬና የቦምብ ጥቃት 22 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከቀናት በኋላ ቅዱስ አና አደባባይ ላይ ከኅሊና ጸሎቱ ቀጥሎ አንዲት ሴት ብቻዋን የእነሱን «ዶንት ሉክ ባክ ኢን አንገር»ን ጀመረችና ሕዝቡ ተቀበላት። ማንም ያላዘጋጀው ነገር ነበር። ያ ዘፈን ከዚያ ወዲህ የኖኤል ብቻ አይደለም፤ ዌምብሌይ ላይም ከእርሱ ይልቅ የሚዘፍነው ሕዝቡ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እነዚህ ሰዎች ነገ ይኖራሉ ተብሎ የሚታመኑ አይደሉም። ኖኤል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሊያም በ1972 ነው። ፓሪስ ላይ የተበተኑት ሰዉ ተሰብስቦ እየጠበቃቸው ሳለ ነው። «ሌላ ጊዜ፣ ሲረክስ» የሚባል ነገር ለሌላ ባንድ ይሠራ ይሆናል። (ስለ ወንድማማቾቹ ዕርቅ ስብከት ጠብቀው ከነበረ አዝናለሁ፤ በዚያን ያህል ገንዘብ ማንም ሰው ወንድሙን ይታረቃል።)

ራስ ወዳድ ነኝ ወይ ብለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቁትን ነገር፣ ባልዎን አማክረው፣ ከኪሳችሁ ከፍለው ገዙ። ይህንኑ 710 ፓውንድ ለማያውቁት ሰው ሠርግ ልብስና ስጦታ አውጥተውት ቢሆን ማንም ወደ ብር መንዝሮ አያሰማዎትም ነበር። ከዚህ በላይ አልልም፤ ባለቤትዎም ይህን አምድ የሚያነቡ ከሆነ እንዳያፍሩ።

ስለ ጉዞው፦ ወደ ማንችስተር የሚመለሰው የመጨረሻ ባቡር ኮንሰርቱ ሳያልቅ ስለሚነሣ አይመኩበት። ለንደን የሚያሳድርዎ ዘመድ ካለ አሁን ይደውሉ፤ ከሌለ የሌሊት አውቶቡስ አለ፣ እንቅልፍ ባይኖረውም ከሆቴል ይረክሳል። የሐሙስ ጠዋት ተራ ካለብዎት ከሥራ ባልደረባ ጋር ይቀያየሩ። ስታዲየሙ ከአንድ ገጽ ወረቀት የሚተልቅ ቦርሳ አያስገባም፤ በየምሽቱ የሚዘፈኑት 23ቱ ዘፈኖች ስለማይለወጡ ደግሞ የሚያመልጥዎትን ፈርተው ውኃ ከመጠጣት አይቆጠቡ። የአዲስ ጫማ ነገር ይቅርብዎ። በር ላይ ትኬት አለኝ ብሎ ለሚጠራዎ ሰው መልስ አይስጡ፤ ስልክዎን ቻርጅ አድርገው ይሂዱ፤ ትኬቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።