ጥርስዎ የሚቆጥረው ማንኪያውን ነው ወይስ ጊዜውን?

ጥያቄ፦ በቀን ሁለቴ ቡና እናፈላለን። በየሲኒው የምጨምረው አንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ ነው። ጎረቤቴ ግን ከምሳ ጋር ለስላሳም ትጠጣለች፣ ኬክም ትበላለች፤ ጥርሷ ደህና ነው፣ የእኔ ሁለት መንጋጋ ተቦርቡሯል። ስኳሩን በማር ብተካው ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ዋናው ተጠርጣሪ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ነው፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ክላርክ የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ከተቦረቦረ ጥርስ ለይቶ ያወጣው ባክቴሪያ። ቡና ላይ የምንጨምረው ስኳር ሱክሮስ ይባላል። ባክቴሪያው ሱክሮሱን ሲያስገባ እዚያው በሩ ላይ ፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር ይለጥፍበታል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ስኳር ተመልሶ ሾልኮ አይወጣም። ፎስፌቱን የሚሰጠው ፎስፎኢኖልፓይሩቬት የተባለ ውህድ ሲሆን፣ እሱም የሚገኘው ቀድሞ የገባው ስኳር ሲብላላ ነው። የአቦሉ ስኳር ለቶናው የመግቢያ ይከፍላል ማለት ነው።

የገባው ስኳር መጨረሻው ላክቲክ አሲድ ነው። ጣፋጭ በቀመሱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ጥርስ ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጥርሱ ሽፋን ካልሲየምና ፎስፌት እየለቀቀ ይሟሟል። ምራቅ አሲዱን አብርዶ ነገሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይፈልጋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየ20 ደቂቃው ሲከታተሉ ምራቅ ሥራውን በጀመረ ቁጥር ይቋረጥበታል። የጎረቤትዎ ስኳር ይብዛ እንጂ በአንድ ማዕድ ያልቃል። ባክቴሪያው ደግሞ የተረፈውን በውስጡ እንደ ጎተራ ያከማቻል፤ አፍ ባዶ ሲሆንም ከዚያ እየቆነጠረ አሲድ ማውጣቱን ይቀጥላል።

ሱክሮስ ሌላም ጣጣ አለው። ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚለቃቸው ኢንዛይሞች ሱክሮስን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ (ሁለት ትናንሽ ስኳሮች) ይሰነጥቁና ግሉኮሱን እየቀጣጠሉ ግሉካን የሚባል ሙጫ ይሠራሉ። ጠዋት ድዱ ጥግ በጥፍር ሲፍቁ የሚወጣው ነጭ ልጥልጥ አንዱ መያዣው ይሄ ነው። አሲዱን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል፤ ምራቅም በቀላሉ አይደርስበትም። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ ሙጫው ይቀንስ ይሆናል፤ አሲዱ ግን ያው ነው፣ ጥርስ ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ በማር መተካቱ አያዋጣዎትም።

የሚሻለው ስኳሩን አቦሉ ላይ ብቻ አድርጎ ሌላውን ያለ ስኳር መጠጣት ነው። (ቡናን በጨው የሚጠጡ ወገኖቻችን በዚህ በኩል አትርፈዋል።) በቀን ሁለቴ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፣ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹ፤ ሌሊት ምራቅ ይቀንሳልና። አረፋውን ይትፉ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጡ፣ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ፍሎራይድ ጥርሱን ከማጠንከሩ ሌላ ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ያንን የበር ክፍያ፣ ፎስፎኢኖልፓይሩቬትን፣ የሚሠራው ደግሞ እሱ ነው። መፋቂያ ልጥልጡን ጥሩ አድርጎ ያነሳል፣ ሳሙናውን ግን አይተካም። የተቦረቦሩት መንጋጋዎች በዚህ አይድኑም፤ ነርቩ ሳይነካ ያስሞሏቸው።

ጥያቄ፦ «ስኳር የሌለው» ማስቲካ እውነት ይጠቅማል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማሸጊያው ላይ ከንጥረ ነገሮቹ መጀመሪያ የተጻፈውን ያንብቡ። ዛይሊቶል (የስኳር ምትክ ማጣፈጫ) ከሆነ ጥሩ ነው፦ ባክቴሪያው በፍሩክቶስ በር ያስገባዋል፣ ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ ከዚያ ሊፈጨው አይችልም። ከፍሎ ያስገባውን መልሶ ለማስወጣት ጉልበቱን ያባክናል። ሌላው ማጣፈጫ ሶርቢቶል ከሆነ ባክቴሪያው በዝግታም ቢሆን ይበላዋል፤ ጥቅሙ በአብዛኛው ማኘኩ ምራቅ ማብዛቱ ላይ ነው። ውሻ ካለዎት ማስቲካውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ዛይሊቶል ውሻን ይመርዛል።